ዘመናዊ ሥነ ጥበብን ወደ ባቡር ጣቢያ ያወረዱት የሥራ ኃላፊ፦ ፍራንክ ፒክ (1878 – 1941)

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሲብት በአውሮፓ የሥነ ጥበብ ዓለም ከፍተኛ ለውጥ ተካሂዷል። ሰዓሊያን ዓይን የሚያየውን ነገር እንዳለ መቅዳትን ትተው ቅርጽን መከፋፈልና መልሶ መገጣጠም፣ ቀለምንም ከተፈጥሮ መልኩ አውጥተው መጠቀም ጀመሩ። ኩቢዝም፣ ፊውቱሪዝም እና የመሳሰሉት ስልቶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚታወቁት በጥቂት የሥነ ጥበብ ወዳጆች ዘንድ ብቻ ሲሆን፣ ሰፊው ሕዝብ አንዳንዴ ሲስቅባቸው ሌላ ጊዜም ሲቆጣባቸው ቆይቷል። ይሁን እንጂ ሠላሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እነዚሁ ስልቶች በንግድ ማስታወቂያ፣ በመጻሕፍት ሽፋን፣ በወንበር ጨርቅና በመንገድ ምልክት ላይ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነው ተገኝተዋል።

ለውጡ በራሱ ጊዜ የመጣ አልነበረም። ሰዓሊው ሥራውን ለሕዝብ ያቀርብ ዘንድ ሥራውን የሚያዝለት፣ ክፍያውን የሚያጸድቅለት፣ ተቃውሞ ሲነሣም ኃላፊነቱን የሚሸከምለት ሰው ያስፈልገው ነበር። በእንግሊዝ አገር ይህን ድርሻ ከተወጡት መካከል በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱት የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ኃላፊ የነበሩት ፍራንክ ፒክ ናቸው። ፒክ ሰዓሊም ነጋዴም አልነበሩም። የሕግ ትምህርት የተማሩ፣ ዕድሜያቸውን በቢሮ ሥራ ያሳለፉ ሰው ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕግ ተለማማጅነት ወደ ባቡር መሥሪያ ቤት

ፍራንክ ፒክ ኅዳር 23 ቀን 1878 በምሥራቅ እንግሊዝ ሊንከንሻየር በምትገኘው ስፓልዲንግ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። በዮርክ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ትምህርት ቤት በነፃ የትምህርት ዕድል ከተማሩ በኋላ በዚያው ከተማ በአንድ የሕግ ባለሙያ ቢሮ በተለማማጅነት ሠርተዋል። በ1902 የሕግ ባለሙያነት ብቃታቸውን ቢያረጋግጡም በጥብቅና ሙያ መሰማራትን አልመረጡም፤ በዚያው ዓመት በሰሜን ምሥራቅ የባቡር ኩባንያ ተቀጠሩ።

በዚህ ኩባንያ ውስጥ ከዋና ሥራ አስኪያጁ ከሰር ጆርጅ ጊብ ጋር በቅርብ የመሥራት ዕድል አገኙ። ጊብ አሐዛዊ መረጃን ለሥራ አመራር በመጠቀም የታወቁ ሰው ስለነበሩ፣ ወጣቱ ሠራተኛ ማንኛውንም ጉዳይ በቁጥርና በማስረጃ መመርመርን ከእሳቸው ተማሩ። በ1906 ጊብ የለንደንን የምድር ውስጥ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ወደሚያስተዳድረው ኩባንያ ሲዛወሩ ፒክንም ይዘዋቸው ሄዱ።

የለንደኑ ኩባንያ በዚያን ጊዜ ከባድ ችግር ላይ ነበር። ከ1906 እስከ 1907 ባለው ጊዜ ሦስት አዳዲስ መስመሮችን በከፍተኛ ወጪ ቆፍሮ ለአገልግሎት ያበቃ ቢሆንም የተሳፋሪው ቁጥር አስቀድሞ ከተገመተው እጅግ ያነሰ ሆነ። የአውቶቡስና የትራም ውድድርም በርትቶ ነበር። በ1907 ከአሜሪካ መጥተው ሥራ አስኪያጅ የሆኑት አልበርት ስታንሊ፣ በኋላ ሎርድ አሽፊልድ የተባሉት፣ ኩባንያውን ከኪሳራ የማዳን ኃላፊነት ተረከቡ።

ፒክ በዚህ ወቅት የኩባንያው የማስታወቂያ ሥራ ደካማ መሆኑን በግልጽ ይተቹ ነበር። ስታንሊም ትችቱን ከሰሙ በኋላ ሥራውን ራሳቸው እንዲይዙት በ1908 ለፒክ ሰጧቸው። የሠላሳ ዓመቱ ወጣት ስለ ማስታወቂያም ሆነ ስለ ሥነ ጥበብ ያገኙት ሥልጠና አልነበረም። ለዘመናዊው የማስታወቂያ ጥበብ ታሪክ ትልቅ ቦታ ያለው ሥራ የተጀመረው እንዲህ ባለ የቢሮ ውሳኔ ነው።

በግድግዳው ላይ ሥርዓት ማስያዝ

ፒክ ሥራቸውን የጀመሩት ሥዕል በማዘዝ ሳይሆን ጣቢያዎቹን በመመልከት ነበር። በጊዜው የየጣቢያው ግድግዳ በሳሙና፣ በሻይና በመድኃኒት ማስታወቂያዎች ከላይ እስከ ታች የተለጠፈበት በመሆኑ፣ ተሳፋሪው ባቡሩ ሲቆም የጣቢያውን ስም ከማስታወቂያዎቹ መካከል ፈልጎ ማግኘት ይቸግረው ነበር። ስለዚህ የንግድ ማስታወቂያዎች በተወሰነላቸው ቦታና መጠን ብቻ እንዲለጠፉ ተደረገ። የጣቢያው ስም ደግሞ በቀይ ክብ ላይ በተጋደመ ሰማያዊ ሰሌዳ ተጽፎ ከሩቅ እንዲለይ ሆነ። ዛሬ በመላው ዓለም የሚታወቀው የለንደን ትራንስፖርት ዓርማ መነሻው ይኸው በ1908 የተተከለ የጣቢያ ስም ሰሌዳ ነው።

ቀጥሎም ኩባንያው ለራሱ ማስታወቂያ የሚሆን ቦታ በየጣቢያው መግቢያ ለየ። ፖስተሮቹ ቁመታቸው አንድ ሜትር፣ ስፋታቸው ስድሳ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን መጠናቸው ተወሰነ። የመጀመሪያውን ታዋቂ ፖስተር በ1908 የሠሩት በዘመኑ እጅግ የታወቁት የማስታወቂያ ሰዓሊ ጆን ሃሳል ነበሩ።

ከሥዕሎቹ በስተጀርባ የነበረው ሐሳብ የሒሳብ ሐሳብ ነው። ባቡሮቹ ጠዋትና ማታ በሠራተኛ ይሞላሉ። በቀኑ አጋማሽ፣ በምሽትና በእሑድ ግን ወንበራቸው ባዶ ሆኖ ይመላለሳሉ። ባዶው ባቡር የሚያስከትለው ወጪ ከሞላው ብዙም አያንስም። በመሆኑም ፒክ ማስታወቂያው ስለ ባቡሩ እንዲናገር አልፈለጉም፤ ባቡሩ ስለሚያደርስበት ስፍራ እንዲናገር ፈለጉ። በከተማዋ ዳርቻ የሚገኙ ደኖችና ወንዞች፣ የእንስሳት ማቆያው፣ ሙዚየሞቹና ቲያትር ቤቶቹ በሥዕል ቀረቡ። የከተማው ነዋሪ በዕረፍት ቀኑ ከቤቱ ወጥቶ እንዲጓዝ ተጋበዘ።

ውጤቱ ታይቶ ፒክ በ1909 የትራፊክ ልማት ኃላፊ፣ በ1912 ደግሞ የኩባንያው የንግድ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ።

የአንድ ተቋም ፊደል

ብዙ ሥዕሎች በብዙ እጆች ሲሠሩ የተቋሙ ድምፅ የሚበታተንበት አደጋ መኖሩን ፒክ አስተውለዋል። በጣቢያዎቹ ላይ የሚታዩት ጽሑፎች እንደ አታሚው ዓይነት የተለያዩ በመሆናቸው አንድ ወጥ የፊደል ቅርጽ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። ሥራውንም ለኤድዋርድ ጆንስተን ሰጡ። ጆንስተን በ1872 በኡራጓይ የተወለዱ፣ የሕክምና ትምህርታቸውን ትተው የቁም ጽሕፈት ጥበብን ያጠኑና በለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብና የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማሩ ሊቅ ነበሩ። ይህ ትምህርት ቤት ከዓመታት በኋላ ኢትዮጵያዊው ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተማሩበት መሆኑም የሚታወስ ነው።

ጆንስተን በ1916 ያስረከቡት ፊደል በጫፎቹ ላይ ምንም ዓይነት ጌጥ ወይም ጭረት የሌለበት፣ ውፍረቱ ወጥ የሆነ፣ መጠኑ ግን ጥንታውያን ሮማውያን በድንጋይ ላይ ከቀረጿቸው ፊደላት የተወሰደ ነው። አዲስነቱና ጥንታዊነቱ በአንድነት የሚታዩበት ይህ ፊደል የሃያኛውን ክፍለ ዘመን የፊደል ሥራ አቅጣጫ ካመላከቱት አንዱ ሆኗል። በዝግጅቱ መጀመሪያ ላይ ከጆንስተን ጋር የነበሩት ኤሪክ ጊል በ1928 ያወጡት ሌላው ዝነኛ የፊደል ቅርጽም የዚሁ ሥራ ተጽዕኖ በግልጽ ይታይበታል። ጆንስተን የጣቢያውን ክብ ዓርማም አስተካክለው ሙሉውን ቀይ ክብ ወደ ቀለበት ለወጡት፤ በ1917ም የንግድ ምልክት ሆኖ ተመዘገበ።

ከሥዕል ኤግዚቢሽን ወደ ጎዳና

ዘመናዊው የሥዕል ስልት በምድር ውስጥ ባቡር ፖስተሮች ላይ ሥር የሰደደው ከሁሉ በላይ በኤድዋርድ ማክናይት ካውፈር አማካይነት ነው። ካውፈር በ1890 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት የተወለዱ ሰዓሊ ናቸው። በ1913 በቺካጎ በታየው ትልቅ ኤግዚቢሽን የአውሮፓን አዳዲስ የሥዕል ስልቶች ተመልክተው እጅግ ተደነቁ። ከዚያም ወደ ፓሪስ ተጓዙ። በ1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ ወደ ለንደን ተሻገሩ። በውጭ አገር ያለ ደጋፊ ኑሮ የከበዳቸው ይህ ወጣት በ1915 ከፒክ የመጀመሪያዎቹን የፖስተር ሥራዎች አገኙ።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቻቸው የለንደንን አካባቢ የገጠር መልክ በደማቅና በተነጠለ ቀለም የሚያሳዩ ነበሩ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ግን ካውፈር የበለጠ ደፈሩ። በ1921 ለክረምት የዋጋ ቅናሽ ሽያጭ ባዘጋጁት ፖስተር ላይ፣ በዝናብና በነፋስ ዣንጥላቸውን ይዘው የሚታገሉ ሰዎች ስለታም ማዕዘን ባላቸው ሰያፍ ቅርጾች ቀርበዋል። ተመልካቹ በመጀመሪያ ዓውሎ ነፋሱን፣ ቀጥሎም በውስጡ ያሉትን ሰዎች ያያል። በ1922 ለለንደን ሙዚየም በሠሩት ደግሞ በ1666 ከተማዋን ያጋየው ታላቅ እሳት በተሰባበሩ ቀይና ጥቁር ቅርጾች ተመስሏል። በ1930 የሠሩት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ፖስተርም የማሽንና የሰው ክንድን አጣምሮ የሚያሳይ ነው። ካውፈር እስከ 1940 ድረስ 140 ያህል ፖስተሮችን ለዚሁ ተቋም ሠርተዋል። በ1937ም የኒውዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የፖስተር ሥራዎቻቸውን ብቻ የያዘ ኤግዚቢሽን አሳይቶላቸዋል።

እነዚህ የሥዕል ስልቶች በማስታወቂያ ላይ የተሳካላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ፖስተር በጥድፊያ ላይ ላለ መንገደኛ የሚቀርብ ሥራ ነው። መንገደኛው የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ስለሆነ ብዙ ዝርዝር ያለበት ሥዕል መልእክቱን ሳያደርስ ይቀራል። ጥቂት ቅርጾችን፣ ያልተደባለቁ ቀለሞችንና ጉልህ ፊደላትን የሚጠቀመው ዘመናዊ ስልት ግን ከሩቅ ይታያል፤ በአእምሮም ይቀረጻል። የዘመኑ የድንጋይ ኅትመት ዘዴም እያንዳንዱን ቀለም ለብቻው የሚያትም በመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥዕል የተመቸ ነበር። በኤግዚቢሽን አዳራሽ እንግዳ የመሰለው ስልት በጣቢያ ግድግዳ ላይ ተግባራዊ ጥቅም ያለው ሆኖ ተገኘ።

ፒክ ራሳቸው ግን አዲስ የተባለውን ሁሉ የሚቀበሉ ሰው አልነበሩም። በየጊዜው የሚያነሡት መመዘኛ ሥራው ለታሰበለት ዓላማ ይስማማል ወይስ አይስማማም የሚል ነበር። በአንድ ጣቢያ ላይ የካውፈር ዓይነት ሥራ ሲሰቀል ከጎኑ በቀድሞው ስልት የተሣለ የወንዝ ዳር መልክ ይሰቀል ነበር። ልዩ ልዩ ምርጫ ያላቸው ተሳፋሪዎች እንደሚያልፉበት ስለሚያውቁ ለሁሉም የሚሆን እንዲኖር አድርገዋል። ሕዝብ አዲስ ነገር ሊገባው አይችልም ብለው ግን አላመኑም። በየቀኑ እያየ በሂደት ይለምደዋል፣ የውበት ግንዛቤውም ያድጋል የሚል እምነት ነበራቸው። በ1915 የንድፍና የኢንዱስትሪ ማኅበር ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑትም በዚሁ እምነት ነው።

ኃላፊነት የተፈተነበት ጊዜ

ይህ እምነት ከሁሉ የከበደ ፈተና የገጠመው በ1929 ነበር። ኩባንያው ከቅዱስ ጄምስ ፓርክ ጣቢያ በላይ አዲስ ዋና መሥሪያ ቤት ያሠራ ሲሆን የሕንፃው ነዳፊ ቻርለስ ሆልደን ነበሩ። ሆልደን የሕንፃውን ግድግዳ የሚያስጌጡ ቅርጾች በዘመኑ ወጣትና አዲስ ስልት ተከታይ ቀራጺያን እንዲሠሩ አደረጉ። ኤሪክ ጊል፣ ሄንሪ ሙርና ሌሎችም ነፋሳትን የሚወክሉ ቅርጾችን በድንጋይ ሠሩ፤ ለሙር በሕዝብ አደባባይ የታየ የመጀመሪያ ሥራቸው ነበር። ጄኮብ ኤፕስታይን ደግሞ ቀንና ሌሊትን የሚወክሉ ሁለት ታላላቅ ሐውልቶችን በሕንፃው ላይ ቀረጹ።

የኤፕስታይን ሐውልቶች ሲገለጡ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ጋዜጦች አስቀያሚና ነውረኛ ናቸው በማለት ዘመቻ ከፈቱ፤ ከሕንፃው ላይ ተፍቀው እንዲነሡም ተጠየቀ። ከኩባንያው የቦርድ አባላት መካከል እንኳ ለማስነሻው የሚያስፈልገውን ወጪ ከራሳቸው ለመክፈል የቀረቡ ነበሩ።

በዚህን ጊዜ ፒክ ጉዳዩን በነዳፊው ወይም በቀራጺው ላይ ማላከክ ይችሉ ነበር፤ ይህን ግን አላደረጉም። ሥራው በእሳቸው ኃላፊነት የተከናወነ መሆኑን ገልጸው ከሥራ የመልቀቂያ ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም። ኤፕስታይን በአንደኛው ሐውልት ላይ አነስተኛ ማስተካከያ ካደረጉ በኋላ ውዝግቡ ቀስ በቀስ በረደ። ሐውልቶቹ እስከ ዛሬ በቦታቸው ይገኛሉ፤ ሕንፃውም ከ2011 ጀምሮ በእንግሊዝ በከፍተኛው የቅርስ ደረጃ ተመዝግቦ ይጠበቃል።

ከዚህ አጋጣሚ የሚታየው ቁም ነገር ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ወደ ሕዝብ አገልግሎት የገባው በሰዓሊያንና በቀራጺያን ድፍረት ብቻ አለመሆኑ ነው። በፊርማው ያዘዘውን ሥራ በተቃውሞ ጊዜ የማይክድ ኃላፊ ባይኖር ኖሮ የሙርም ሆነ የኤፕስታይን ድንጋይ በዚያ ግድግዳ ላይ ባልቆየ ነበር።

ጣቢያው፣ ካርታውና ወንበሩ

በ1930 ፒክና ሆልደን ወደ ጀርመን፣ ዴንማርክ፣ ስዊድንና ሆላንድ ተጉዘው አዳዲስ የሕንፃ ሥራዎችን ጎበኙ። ጉብኝቱን ተከትሎ በ1931 የተሠራው የሰድበሪ ታውን ጣቢያና በ1932 የተከፈተው የአርኖስ ግሮቭ ጣቢያ በእንግሊዝ የሕንፃ ታሪክ አዲስ ምዕራፍ ከፈቱ። ጡብ፣ ኮንክሪትና መስተዋት ያለ ትርፍ ጌጥ የተጣመሩባቸው፣ ካሬና ክብ ቅርጽ ያላቸው እነዚህ ጣቢያዎች በሌሊት ከውስጥ ሲበሩ ራሳቸው ማስታወቂያ ይመስሉ ነበር።

በ1931 ደግሞ ሃሪ ቤክ የተባሉ የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ የባቡር መስመሮቹን ካርታ በአዲስ መልክ ነድፈው አቀረቡ። መስመሮቹ ቀጥ ብለው አግድም፣ ሽቅብና በአርባ አምስት ዲግሪ ብቻ እንዲሄዱ፣ በጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀትም እንዲቀራረብ አደረጉ። የማስታወቂያ ክፍሉ ንድፉ ከልክ ያለፈ አዲስ ነው በማለት መጀመሪያ አልተቀበለውም ነበር። በኋላ በጥቂት ቅጂ ተሞክሮ በጥር 1933 በ700 ሺህ ቅጂ ታተመ። ሕዝቡ ስለወደደውም በአጭር ጊዜ ውስጥ በድጋሚ ማተም አስፈለገ። ዛሬ በብዙ የዓለም ከተሞች የሚታዩት የባቡር ካርታዎች ይህንኑ ዘዴ የተከተሉ ናቸው።

በሐምሌ 1933 የለንደን አውቶቡስ፣ ትራምና የምድር ውስጥ ባቡር በአንድ የሕዝብ ተቋም ሥር ሲጠቃለሉ ሎርድ አሽፊልድ የቦርዱ ሊቀ መንበር፣ ፒክ ደግሞ ምክትል ሊቀ መንበርና ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ከዚያ በኋላ የጥበብ ሥራው ሥፍራ ይበልጥ ሰፋ። ፖል ናሽ፣ ማሪዮን ዶርንና ኤኒድ ማርክስ የመሳሰሉ ባለሙያዎች የተሽከርካሪ ወንበር ጨርቅ እንዲነድፉ ተደረገ። ጨርቁ ቆሻሻን የማያጎላ፣ በብዙ ሺህ ሰዎች ቢቀመጡበትም ውበቱን የማያጣ መሆን ነበረበት። ከ1935 እስከ 1937 በለንደን የኖሩት ሃንጋሪያዊው ላዝሎ ሞሆይ ናጅ ስለ ባቡሮቹ አሠራር የሚያስረዱ ፖስተሮችን ሠሩ። አሜሪካዊው ማን ሬይም በ1938 የተቋሙን ዓርማ ከሳተርን ፕላኔት ጋር ጎን ለጎን ያቀረበ ጥንድ ፖስተር አዘጋጁ። በዚህ ሥራ በፓሪስ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት የሱሪያሊዝም ስልት በየቀኑ ወደ ሥራ በሚመላለሰው የለንደን ነዋሪ ፊት ቀረበ።

የፒክ ዝና ከአገራቸው ውጭም ተሰማ። ለሞስኮ ሜትሮ ግንባታ ስለሰጡት ምክር በ1932 ከሶቪየት ኅብረት የክብር ሜዳይ ተቀበሉ። በ1934ም የእንግሊዝ መንግሥት ባቋቋመው የሥነ ጥበብና የኢንዱስትሪ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሆነው ኢንዱስትሪዎች ጥሩ ንድፍ እንዲኖራቸው ሠርተዋል።

የሥራ ጠባያቸውና የመጨረሻ ዓመታቸው

ፒክ በአረንጓዴ ቀለም በሚጽፏቸው ማስታወሻዎች በመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሚታወቁ ነበሩ። በምሽትና በዕረፍት ቀናት ሳይቀር ጣቢያዎችንና የአውቶቡስ መስመሮችን እየተዘዋወሩ ይመለከቱ ነበር። የተጣመመ ምልክትም ሆነ በአግባቡ ያልተቀመጠ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ከዓይናቸው አያመልጥም።

ይህ ትጋት ግን ሌላ ገጽታም ነበረው። ፒክ ዓይን አፋርና ቁጥብ፣ አንዳንዴም ኮስታራ ሰው ስለነበሩ በቅርብ የሚሠሩ ሰዎች ይከብዷቸው ነበር። ጥቃቅኑን ጉዳይ ሁሉ በራሳቸው እጅ መያዛቸው ጤናቸውን ጎድቷል። በ1904 ከመሠረቱት ትዳር ልጅ አላፈሩም፤ አብዛኛው ጊዜያቸው የሥራ ነበር።

የቦርድ አባልነት ዘመናቸው በግንቦት 1940 ሲያበቃ በጤና መታወክ ከለንደን ትራንስፖርት ተሰናበቱ። ከጥቂት ወራት በኋላ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሆነው ቢሾሙም በኃላፊነቱ የቆዩት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ሐሰተኛ ወሬ የያዘ በራሪ ወረቀት በጠላት አገር እንዲበተን የቀረበውን ሐሳብ በመቃወማቸው ከጠቅላይ ሚኒስትር ዊንስተን ቸርችል ጋር ሳይስማሙ እንደቀሩ ይነገራል። ማስታወቂያን ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሰው ሕዝብን ማታለያ እንዲሆን አልፈቀዱም።

ፍራንክ ፒክ ኅዳር 7 ቀን 1941 በለንደን ጎልደርስ ግሪን በሚገኘው መኖሪያ ቤታቸው በ62 ዓመታቸው አረፉ። በሕይወት ሳሉ የቀረበላቸውን የሰር ማዕረግም ሆነ የመኳንንት ሹመት አልተቀበሉም።

የቀረው አሻራ

ከሞታቸው በኋላ በ1942 ታዋቂው የሥነ ጥበብ ታሪክ ጸሐፊ ኒኮላውስ ፔቭስነር በጻፉት ጽሑፍ ፒክን በእንግሊዝ ከታዩት የክፍለ ዘመኑ የጥበብ ደጋፊዎች ሁሉ የላቁ አድርገው አቅርበዋቸዋል። ቀድሞ የጥበብ ደጋፊዎች ነገሥታት፣ የሃይማኖት አባቶችና ባለጸጎች ነበሩ። ፒክ ግን ያዘዙት ሥራ በግል ቤታቸው የሚሰቀል አልነበረም፤ ቲኬት የገዛ ማንም ሰው የሚያየው ነበር።

የእሳቸው ውሳኔዎች ውጤት አሁንም በአገልግሎት ላይ ይገኛል። ቀዩ ቀለበትና ሰማያዊው ሰሌዳ የለንደን ትራንስፖርት ዓርማ እንደሆነ ቀጥሏል። የጆንስተን ፊደል በ1979 ከተደረገለት ማሻሻያ በኋላ መቶኛ ዓመቱን ባከበረበት በ2016 እንደገና ታድሶ በየጣቢያው ይነበባል። የለንደን ትራንስፖርት ሙዚየምም ከአምስት ሺህ በላይ ፖስተሮችን ሰብስቦ ይዟል። በ2016 በፒካዲሊ ሰርከስ ጣቢያ ለፒክ መታሰቢያ የተሠራው የጥበብ ሥራ ደግሞ የተቋሙን ዓርማና ከራሳቸው ማስታወሻ የተወሰዱ ቃላትን በዚያው ፊደል ያሳያል።

የንግድ ማስታወቂያና የንድፍ ሥራ ከዘመናዊ ሥነ ጥበብ ምን እንደተማረ የሚያጠኑ ሁሉ የሰዓሊያኑን ስም ማንሣታቸው ተገቢ ነው። ከሰዓሊያኑ ስም ጎን ግን ሥዕል የማያውቁት፣ ጥሩውን ከመጥፎው ለመለየት የደከሙት፣ ለመረጡትም ሥራ የሥራ መልቀቂያ እስከማቅረብ የቆሙት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ስም ሊነሣ ይገባዋል። ሕዝብ በየዕለቱ የሚያየው ሰሌዳ፣ ቅጽና ማስታወቂያ የተቋሙ ፊት መሆኑን፣ ለሕዝብ የሚቀርብ ነገር ርካሽ ቢሆን እንኳ ዝቅ ያለ መሆን እንደማይገባው የፒክ የሠላሳ ዓመት ሥራ በተግባር አሳይቷል።